የመንገድ ባቡር አባት፦ ኩርት ጆሃንሰን

በአውስትራሊያ መካከለኛ በረሃ አንድ ሳቢ መኪና ሦስት ተሳቢዎችን አስከትሎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ50 ሜትር በላይ ረዝሞ፣ ከ100 ቶን በላይ ከብዶ ሲያልፍ ማየት ለአካባቢው ሰው ብርቅ አይደለም። የአገሬው ሰዎች የመንገድ ባቡር ይሉታል። ሐዲድ የለውም፤ ጣቢያም አይጠብቅም። ከብቱን ከግጦሽ መሬት፣ ነዳጁን ከወደብ፣ ማዕድኑን ከተቆፈረበት አንሥቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ያደርሳል።

ዘመናዊውን የመንገድ ባቡር ፈለሰፈ ተብሎ ስሙ የሚነሣው ሰው በበረሃ ተወልዶ፣ በበረሃ አድጎ፣ ከወዳደቀ ብረት መኪና ሲሠራ የኖረ የገጠር መካኒክ ነው። ኩርት ጆሃንሰን ይባላል። የእርሱ የሕይወት ታሪክ መንገድ የሌለው ገበሬ ምርቱንና ከብቱን እንዴት ወደ ገበያ ያደርሳል ለሚለው ጥያቄ አንድ ሰው የሰጠው መልስ ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የበረሃው ልጅ

ኩርት ጆሃንሰን የተወለደው በ1915 ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ በስተደቡብ በምትገኘው ዲፕ ዌል የከብት እርባታ ሥፍራ ነው። የቦታዋ ስም በእኛ ቋንቋ ጥልቅ ጉድጓድ እንደማለት ነው። ስሟ ራሱ የአካባቢውን ኑሮ ይናገራል፤ በዚያ ምድር ሰውም ከብትም የሚሰነብተው ውኃ በተቆፈረበት ቦታ ብቻ ነበርና።

አባቱ ጌርሃርት ጆሃንሰን የግንባታ ሙያተኛ ነበር። ወደ መካከለኛው አውስትራሊያ የመጣው ጀርመናውያን የሉተራን ሚሲዮናውያን በ1877 በመሠረቱት በኸርማንስበርግ የሚሲዮን ጣቢያ ለመሥራት ነው። ከዚያም ከባለቤቱ ጋር በዲፕ ዌል ሰፍሮ ልጆቹን በዚያው አሳደገ።

ምድሩ ባዶ አልነበረም። የአረርንቴ ሕዝብ ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖረበት አገር ነው፤ አሊስ ስፕሪንግስን እስከ ዛሬ ምፓርንትዌ ብሎ ይጠራታል። አውሮፓውያን በብዛት መድረስ የጀመሩት በ1872 አህጉሩን ከደቡብ እስከ ሰሜን ያቋረጠው የቴሌግራፍ መስመር ከተዘረጋ በኋላ ነው። ከደቡብ የመጣው የባቡር ሐዲድ በ1891 ኡድናዳታ ከደረሰ በኋላ በዚያው ቆሞ ቀረ። ከኡድናዳታ ወዲያ ያለውን ጭነት ሁሉ የሚያመላልሱት ግመሎች ነበሩ። ግመሎቹን የሚነዱት ደግሞ ዛሬ አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታንና ሕንድ ከምንላቸው አገሮች የመጡ ሙስሊም ነጋድያን ናቸው። ባቡሩ አሊስ ስፕሪንግስ የገባው በ1929 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ኩርት የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ስለዚህ የግመል ቅፍለትን፣ የእንፋሎት ባቡርንና የነዳጅ መኪናን በአንድ የልጅነት ዘመን አይቷል።

ቤተሰቡ ላይ ከባድ መከራ የወደቀው ልጁ ገና ሳይጎለምስ ነው። አባቱ በልጅነት ልምሻ በሽታ ተመታ። ጉልበቱን ለሥራ ያዋለ ሰው አካሉ ሲታሰር የቤቱ ቀንበር ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ዞረ። ኩርትም እኩዮቹ በትምህርት ገበታ በሚውሉበት ዕድሜ መሪ ጨብጦ ጭነት ማመላለስ ጀመረ።

በዚያ አገር ሹፌር መሆን መካኒክ መሆንንም ይጠይቅ ነበር። መለዋወጫ የሚሸጥበት ትልቅ ከተማ አዴሌድ ሲሆን፣ ከአሊስ ስፕሪንግስ 1500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገድ ላይ አንድ ዕቃ የተሰበረበት ሹፌር እዚያው በእጁ ካልሠራው ተጓዡም ጭነቱም በውኃ ጥም ያልቃሉ። ኩርት ብየዳን፣ ቅጥቀጣንና የሞተርን ጠባይ የተማረው በዚህ ዓይነት ግዴታ ውስጥ ነው። ችግር ብልሃትን ይወልዳል የሚለው የአበው አባባል እንዲህ ባለው ኑሮ ላይ በትክክል ይሠራል።

ሃያ አራት ጎማ ያለው እንግዳ

በ1934 አንድ እንግዳ ነገር ከእንግሊዝ አገር በመርከብ ተጭኖ አውስትራሊያ ደረሰ። ኤ ኢ ሲ የተባለው ፋብሪካ የሠራው፣ ስምንቱም ጎማዎቹ በሞተር ኃይል የሚዞሩ ከባድ መኪና ነው። ከኋላው እያንዳንዳቸው ስምንት ጎማ ያላቸው ሁለት ተሳቢዎች ይከተሉታል። በጠቅላላው 24 ጎማዎች ይዞ 15 ቶን ይጭናል። ባለቤቱ መንግሥት ስለነበር የመንግሥት የመንገድ ባቡር ተባለ፤ ባቡር ከሚቆምበት ወዲያ ላሉ ነዋሪዎች ስንቅና ዕቃ ያደርስ ጀመር።

ብዙ ሰው በጉልበቱ ተደነቀ። ወጣቱን ኩርት የማረከው ግን የተሳቢዎቹ አካሄድ ነበር። ተሳቢዎቹ ሳቢው መኪና ባለፈበት ፈለግ ላይ ዱካውን ሳይስቱ ይከተላሉ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተሳቢ የሚጎትት ሹፌር ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መኪናው ሲታጠፍ ተሳቢው የፊቱን ጎማ ተከትሎ አይዞርም፤ ወደ ውስጥ ቆርጦ ያልፋል። ተሳቢው በረዘመ ቁጥር የሚቆርጠው ይበዛል። ከአንዱ ኋላ ሌላ ሲቀጠል ደግሞ የመጨረሻው ከሁሉም አብልጦ ይቆርጣል። ሰፊ አስፋልት ላይ ይህ ብዙም አያስቸግር ይሆናል። በዛፎች መካከል በተጠረገች ጠባብ መንገድ ላይ ወይም የደረቀ ወንዝን አሸዋ በሚያቋርጥ ገደላማ መውረጃ ላይ ግን ተሳቢው ግንድ ይመታል፣ ወደ ጉድባ ይገባል፣ ይገለበጣል። የመንግሥቱ መኪና ይህን ችግር ተሳቢዎቹ የራሳቸው መሪ እንዲኖራቸው በማድረግ ፈትቶታል። ኩርት ያየውን በልቡ አኖረ።

ቤንዚን በጠፋበት ዘመን

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ አውስትራሊያ ቤንዚን በራሽን ማደል ጀመረች። ኩርት በበረሃው ሞልቶ ወደሚገኘው እንጨት ፊቱን አዞረ። እንጨት አየር ባጠረው ምድጃ ውስጥ ሲቃጠል የሚነድ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ተጣርቶና ቀዝቅዞ ወደ ሞተር ሲገባ ቤንዚንን ይተካል። ኩርት ይህን መሣሪያ በራሱ እጅ ሠርቶ በመኪና ላይ ገጠመና ደረቅ ግንድ እየቆረጠ ጭነቱን አመላለሰ። ጉልበቱ ከቤንዚን ያነሰ ነው፤ ዐመድ መጥረግና ምድጃ መሙላትም አለ። ነገር ግን ሌላው ሰው መኪናውን ባቆመበት ጊዜ የእርሱ መኪና ይሄድ ነበር።

ጦርነቱ ለመካከለኛው አውስትራሊያ ሁለት ነገር ትቶ ሄደ። የመጀመሪያው መንገድ ነው። የጃፓን አውሮፕላኖች በ1942 በሰሜን ጫፍ ያለችውን የዳርዊን ከተማ ከደበደቡ በኋላ ሠራዊትና ስንቅ ወደ ሰሜን በብዛት መጓዝ ስለነበረበት፣ ከአሊስ ስፕሪንግስ እስከ ዳርዊን 1500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው መንገድ በጦርነቱ ዘመን ተሠርቶ ሬንጅ ለበሰ። ሁለተኛው ደግሞ ሠራዊቱ የማይፈልጋቸው ከባድ ተሽከርካሪዎች ናቸው። ለውጊያ የተሠራው ብረት በርካሽ ዋጋ ለገበያ ቀረበ።

የመቶ ከብት ጥያቄ

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ኩርት ለዘር የተመረጡ ኮርማዎችን በመኪና ጭኖ 320 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኝ የከብት እርባታ ሥፍራ አደረሰ። ኮርማዎቹ ሳይከሱና ሳይጎዱ መድረሳቸውን ያየው ከብት አርቢ አንድ ጥያቄ አቀረበለት። አንድ መኪና የሚጭነው ሃያ ያህል ከብት ነው፤ መቶ ከብት በአንድ ጊዜ የሚያነሣ መኪና መሥራት ይቻላል ወይ?

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ለመረዳት ከብት ወደ ገበያ ይደርስ የነበረበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ አገር አንድ የግጦሽ ይዞታ ከባቡር ጣቢያ መቶዎች ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከብቱ በእግሩ እየተነዳ በቀን 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከዚያ በላይ ከነዱት ይዳከማል፤ ከዚያ ካሳነሱበት ደግሞ እስከ ቀጣዩ የውኃ ጉድጓድ አይደርስም። በዚህ ስሌት 500 ኪሎ ሜትር መንገድ ከአንድ ወር በላይ ይወስዳል። መንገዱን ሙሉ ከብቱ ይከሳል፤ ደካማው ይወድቃል። ከደረሰ በኋላም ገበያ እንዲያወጣ እንደገና መቀለብ አለበት። ድርቅ ሲገባ ነገሩ ይብሳል። ሣር ባለቀበትና ጉድጓድ በደረቀበት ዓመት ከብቱን ማውጣት የሚፈልግ አርቢ መንገዱ ራሱ ስለሚዘጋበት፣ የሚሸጠውን ከብት በዓይኑ እያየ ያጣዋል። ከብት ያረባና በድርቅ የተፈተነ ሰው ሁሉ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል።

ኩርት ጥያቄውን ተቀበለ። ለሥራው 2000 ፓውንድ ያህል ገንዘብ ተገኘለትና ሁለት ዓመት ያህል በፈጀ ድካም ያሰበውን ሠራ።

በርታ

መነሻ ያደረገው ዳይመንድ ቲ የተባለውን አሜሪካ ሠራሽ የጦር ሠራዊት መኪና ነው። በጦርነቱ ጊዜ ታንክ ለመጎተት የተሠራ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር የማያልፍ፣ ጉልበቱ ግን የማይናቅ ናፍጣ ነጂ ነበር። ስሟን በርታ አላት። በርታ በጀርመንኛ የሴት ስም ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ግን ስያሜው ሥራዋን በትክክል ይገልጻል።

ሁለቱን ተሳቢዎች ኩርት በራሱ ጋራዥ ሠራቸው። ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በተለመደው ተሳቢ የፊት ጎማዎች ብቻ ሲዞሩ የኋላዎቹ ቀጥ ብለው ይቀራሉ። በኩርት ተሳቢ ግን የፊቱም የኋላውም የጎማ ክፍል ይታጠፋል። የፊቱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የኋላው በተያያዘ ዘንግ አማካይነት ወደ ግራ ይታጠፋል። ስለዚህ የተሳቢው ጀርባ ወደ ውስጥ ቆርጦ በመግባት ፈንታ ፊቱ የረገጠውን ይረግጣል። ሁለተኛው ተሳቢም የመጀመሪያውን እንደዚሁ ይከተላል። ሳቢው መኪና የሚያልፍበት መንገድ ካለ የሚከተሉት ሁሉ ያልፋሉ ማለት ነው።

በዚህ ዓይነት በርታና ሁለቱ ተሳቢዎች በጠባቡ የበረሃ መንገድና በወንዞቹ መሻገሪያ ከብት ማመላለስ ጀመሩ። በእግር ወር የሚፈጀው ጉዞ በቀናት ተቆጠረ። ዕውቁ የተሳቢ አምራች ፍሬይተር ኩባንያ የኩርትን ሥራ ተመልክቶ በራሱ ፋብሪካ ለእርሱና ለሌሎች ደንበኞች ተመሳሳይ ተሳቢዎችን አመረተ። የአንድ ጋራዥ ሥራ ወደ ኢንዱስትሪ ተሸጋገረ።

ያገኘና ያጣ

ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም፤ ሲመጣ ግን አገሩን ለወጠ። ሌሎች ባለሀብቶችም ወደ ሥራው ገቡ። ከእነርሱ መካከል ስሙ በሰሜኑ ክፍል በአንድ አውራ ጎዳና የተሰየመለት ኖኤል በንታይን ይገኝበታል። የአውስትራሊያ መንግሥትም በ1960ዎቹ የከብት መንገዶች የሚባሉትን በብዙ ገንዘብ ሠራ። መንገዱ እየሰፋና እየተደላደለ ሲሄድ ተሳቢ ሁሉ ባለ መሪ መሆን አላስፈለገውም፤ ለመሥራትም ለመጠገንም የሚቀሉ ተሳቢዎች ቦታውን ያዙ። የኩርት ጥበብ መንገድ ባልነበረበት ዘመን መንገዱን የከፈተ ጥበብ ነው ማለት ይቻላል።

አርቢው ተጠቀመ። ከብቱ ሳይከሳ ደረሰ፤ ድርቅ ሲመጣ መሸሻ ተገኘ፤ ወጣቱን ከብት በጊዜው መሸጥ ተቻለ። ነገር ግን ትርፉን ብቻ መቁጠር ታሪኩን ጎዶሎ ያደርገዋል። ከብት በመንዳት የሚተዳደሩ ሰዎች ሥራቸውን አጡ። ከእነርሱም ብዙዎቹ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። የሰሜኑ የከብት ሀብት የተገነባው ምድሩን፣ ውኃውንና ከብቱን ጠንቅቀው በሚያውቁ ነባር ነጂዎች ጉልበት ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን ይከፈላቸው የነበረው ከነጮቹ እጅግ ያነሰ ወይም ከቀለብ ያላለፈ ነበር። በ1966 የአገሪቱ የሥራ ዳኝነት አካል እኩል ክፍያ እንዲያገኙ ወሰነ። ውሳኔው ተግባራዊ በሆነበት ጊዜ ግን አርቢዎች መኪናም፣ አጥርም፣ ሌላ መሣሪያም ነበራቸውና ብዙ ነባር ሠራተኞችን ከይዞታቸው አሰናበቱ። የመንገድ ባቡር የዚህ ሁሉ ብቸኛ ምክንያት አይደለም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑ ግን አይካድም። አዲስ መሣሪያ ለአንዱ በረከት ሲሆን የሌላውን እንጀራ ሊወስድ እንደሚችል ይህ ታሪክ ያሳያል።

ሃምሳ ሎሚና የመንገድ ሕግ

ኩርት በርታን በሠራበት ዘመን ትልቁ ጥያቄ መኪናው ያልፋል ወይስ አያልፍም የሚል ነበር። መንገዱ ሲሠራና መኪናው ሲበዛ ጥያቄው ተለወጠ። መኪናውስ ያልፋል፤ መንገዱና ሌላው መንገደኛ ይተርፋሉ ወይ የሚል ሆነ። ዛሬ በአውስትራሊያ ከባድ ተሳቢ የሚያሽከረክር ሰው የሚገዛበት ሕግ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ የሕጉ መሠረት ክብደትን ማካፈል ነው። መንገድን የሚጎዳው የመኪናው ጠቅላላ ክብደት ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ አክስል፣ ማለትም ጎማዎቹን ከግራ ቀኝ የሚያገናኘው ዘንግ፣ መሬቱን የሚጫንበት መጠን ነው። የመንገድ መሐንዲሶች ለረጅም ጊዜ በሠሩበት ስሌት መሠረት በአንድ አክስል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት አሥራ ስድስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። አንድ ሹፌር ጥቂት ኩንታል በላይ ሲጭን ትርፉ የእርሱ ነው፤ የፈረሰው መንገድ ግን የገበሬውም የከተሜውም ዕዳ ይሆናል።

ስለዚህ ሕጉ ክብደትን በአክስል ይሰፍራል። በተለመደው ወሰን የሳቢው መኪና የፊት አክስል 6 ቶን፣ ከኋላው ያሉት ጥንድ አክስሎች 16.5 ቶን፣ የተሳቢው ሦስት አክስሎች 20 ቶን ይሸከማሉ። ሦስቱ ሲደመሩ 42.5 ቶን ይሆናሉ። ይህም ባለ ስድስት አክስል ከፊል ተሳቢ መኪና የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት ነው። ከፊል ተሳቢ የሚባለው የፊት ጎማ የሌለውና አፍንጫውን በሳቢው መኪና ጀርባ ላይ የሚያሳርፈው ነው። ርዝመቱም በአጠቃላይ ከ19 ሜትር አይበልጥም።

ሁለተኛ ተሳቢ ሲጨመር በመካከል ጥንድ አክስል ያለው መንኰራኩር ገብቶ የኋለኛውን አፍንጫ ይሸከማል። ለእርሱ 16.5፣ ለተሳቢው 20 ቶን ሲታከል 79 ቶን ይሆናል። ሦስተኛ ሲቀጠል በዚያው ስሌት 115.5 ቶን ይደርሳል። ባለ ሁለት ተሳቢው የመንገድ ባቡር እስከ 36.5 ሜትር፣ ባለ ሦስቱ እስከ 53.5 ሜትር ይረዝማል። ታዲያ እነዚህ በየትኛውም መንገድ እንዲገቡ አይፈቀድም፤ ለእነርሱ ተለይቶ በተፈቀደው መስመር ብቻ ይሄዳሉ። ለመንገድ የሚስማማ ሱስፔንሽን የተገጠመለትና የተወሰኑ ግዴታዎችን ያሟላ መኪና ደግሞ በተፈቀዱ መስመሮች ከዚህ ጥቂት ከፍ ያለ ክብደት ሊይዝ ይችላል።

ይህን የሚደነግገው ብሔራዊ የከባድ ተሽከርካሪዎች ሕግ በ2014 ሥራ ላይ ውሏል። ከ4.5 ቶን በላይ የሚመዝን ተሽከርካሪ ሁሉ በሕጉ ከባድ ይባላል። ምዕራብ አውስትራሊያና የኩርት የትውልድ ሥፍራ የሆነው ሰሜናዊ ግዛት ሕጉን አልተቀበሉም፤ በየራሳቸው ሕግ ይተዳደራሉ።

ሕጉ የሹፌሩንም አካል ያስባል። ከ12 ቶን በላይ የሆነ ከባድ መኪና ብቻውን የሚነዳ ሹፌር በመደበኛው ሥርዓት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 ሰዓት በላይ መሥራት አይችልም፤ ቢያንስ 7 ሰዓት ደግሞ ሳይቋረጥ ማረፍ አለበት። በ7 ቀን ውስጥ ከ72 ሰዓት በላይ መሥራት የተከለከለ ሲሆን፣ አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት ይሰጠዋል። መንጃ ፈቃዱም በደረጃ ነው። ከፊል ተሳቢ የሚነዳ አንድ ደረጃ፣ ከአንድ በላይ ተሳቢ የሚጎትት ደግሞ ከዚያ የበለጠ ደረጃ ያስፈልገዋል፤ ወደ ላይኛው የሚሸጋገረው በታችኛው ቢያንስ ዓመት ከሠራ በኋላ ነው።

ከሁሉም በላይ ጠቃሚው ኃላፊነት የሚጋራበት ድንጋጌ ነው። ጭነት ቢበዛ ወይም ሹፌር ሳያርፍ ቢነዳ የሚጠየቀው ሹፌሩ ብቻ አይደለም። ጭነቱን የላከው፣ የጫነው፣ የጉዞ ሰዓቱን የወሰነውና የድርጅቱ አለቃ ሁሉ ድርሻቸውን ይጠየቃሉ። ነገ ጠዋት ካላደረስክ ብሎ ያዘዘ ነጋዴ እጁን ታጥቦ መቆም አይችልም። እዚህም ላይ ሃምሳው ሎሚ ተከፋፍሏል።

የኩርት ጥያቄም በሕግ መለኪያ ሆኗል። ከተለመደው መጠን የወጣ መኪና ለማሠራት የሚፈልግ ባለንብረት መኪናው ሲታጠፍ የኋላው ጎማ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚቆርጥ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ የመጨረሻው ተሳቢ ምን ያህል ከፈለጉ እንደሚወጣና እንዳይገለበጥ ምን ያህል ጽናት እንዳለው በልኬት ማሳየት አለበት። አንድ መካኒክ በበረሃ አሸዋ ላይ ዱካ እያየ የፈታውን ጉዳይ ዛሬ መሐንዲሶች በኮምፒዩተር ይፈትሹታል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ኩርት ጆሃንሰን በአንድ ሥራ የሚወሰን ሰው አልነበረም። ከጭነት ሥራው ጎን ለጎን ማዕድን ፈልጓል፣ አነስተኛ አውሮፕላን አብርሯል፣ አዳዲስ መሣሪያዎችን ሲሞክር ኖሯል። በ1992 የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉም የቀዩ ምድር ልጅ መሆኑን በርዕሱ ይናገራል። መካከለኛው አውስትራሊያ በአፈሩ ቀለም ምክንያት ቀዩ ማዕከል ተብሎ ይጠራልና። በ1995 ደግሞ የመንገድ ትራንስፖርት ባለውለታዎች የሚታሰቡበት ብሔራዊ ሙዚየም እርሱ ባደገባት በአሊስ ስፕሪንግስ ተከፈተ።

ኩርት በ2002 በ87 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። በግመል የሚጓዝ ጭነት አይቶ ያደገው ልጅ አገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጥ የአስፋልት መንገድና በላዩ የሚጎርፉ የመንገድ ባቡሮችን አይቶ ሞተ።

በርታና ሁለቱ ተሳቢዎቿ በዚያው ሙዚየም ቆመዋል። በዚያው ስብስብ ውስጥ ወጣቱን ኩርት ያስደነቀው ሃያ አራት ጎማ ያለው የ1934ቱ የመንግሥት መኪናም ይገኛል። ከሙዚየሙ ውጪ ባለው አውራ ጎዳና ላይ ከብት የጫኑት ረጃጅም መኪኖች ዛሬም ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያልፋሉ።